ሁለተኛ ጭልፋ

ፍርድ ቤት በሚቀርቡበት ቀን ማለዳ ሴትየዋ ባሏን ድንች ሲልጥ አገኘችው። አንድ ሁለት ፍሬ ቢሆን ምን ነበረበት! ከጓዳ ጆንያውን ጎትቶ አውጥቶ፣ ያንን ለሠርግም ለለቅሶም የሚለብሰውን ኮት ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የውሃ ባልዲ እግሮቹ መካከል አድርጎ ይልጣል። ልጣጩ ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ድንቹን ባልዲው ውስጥ ይጥለዋል፤ ሌላ ያነሳል። ያውም ድንች እንደ ሥጋ በተወደደበት በዚህ ዘመን! ሌላ ቀን ቢሆን ትቆጣው ነበር። ዛሬ ግን በሩን ተደግፋ አየችው። ይህ ሰው ነገር ሲከብደው ድንች እንደሚልጥ ታውቃለች። እናቱ የሞቱ ለታ ልጧል። ትልቋ ልጃቸው ተድራ የወጣች ቀን፣ የሙሽሮቹ መኪና ገና ከመንደሩ ሳይወጣ፣ ቢላዋውን አንስቶ ልጧል። የዛሬው ግን ባሰበት፤ ባልዲው ሞልቶ ወደ ትልቁ ድስት ተሻግሯል።

«ለስንት ሰው ነው ይሄ ሁሉ?» አለችው።

«ማን እንደሚመጣ ምን ይታወቃል» አለ እንደ ልማዱ፣ ቀና ሳይል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «አንቺ ዛሬ እዚሁ ቆዪ። እኔና ጎረቤታችን ጎማው ደርሰን እንመለሳለን። ጉልበትሽን እያመመሽ በደረጃ ምን አወጣሽ?»

«የሚፈረደው እኮ በምኖርበት ቤት ነው» አለች፤ «ጉልበቴም የሚኖረው እዚሁ ቤት ነው፤ ይዤው እመጣለሁ።»

እሱም ቢላዋውን ጠርጎ አስቀመጠ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። በዚህ ቤት ዝምታ አዲስ ነገር አይደለም፤ እንደ ቁም ሣጥኑ የራሱ ቦታ አለው፤ ሰው ዞር ብሎት ያልፋል።

ቤቱ በግቢው ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ጣሪያው ዝናብ ሲመጣ ሁለት ቦታ ያፈሳል፤ ሁለቱንም ቦታ ያውቁታል፤ ሳፋና ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጡለታል። ሦስት ልጆች ወልደው ያሳደጉት እዚሁ ነው። አከራያቸው ደግ ሴት ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ግን ግቢው ለልጃቸው ወረደ፤ ልጃቸውም ግቢውን አፍርሶ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሊሠራበት አሰበ፤ ልቀቁ አለ። ሽማግሌውና ሚስቱ ዕቃቸውን በልባቸው መሸከፍ ጀምረው ሳለ፣ በግቢው በር ላይ ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታቸው፣ ሰው ሁሉ ጎማው የሚለው፣ አንድ ቀን ጠዋት ሬዲዮውን በብብቱ እንደ ሸጎጠ እየሮጠ መጣ። አዲስ ሕግ ወጥቷል! በዚያ በድሮው ጦርነት የዘመተ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ከተከራየበት ቤት አይፈናቀልም፤ ሚስቱም እንደዚሁ። ጎማው ምሳውን እንኳ ሳይበላ ሄዶ አቤቱታውን አስመዘገበ። ጸሐፊዋ «የአመልካቹ ስም?» ስትለው ሰፈሩ ሁሉ በሚጠራበት ስም ጠራላት፤ «ሻምበል» ብሎ ጀምሮ፣ የሽማግሌውን ስም ከነአባቱ አስከተለ። እሷ ደግሞ ሻምበልን ማዕረግ ነው ብላ ማዕረግ ከሚጻፍበት ቦታ አሰፈረችው። በማን ይፈረዳል? ባለሱቁም ሻምበል ነው የሚለው፤ ልጆቹም አባባ ሻምበል ነው የሚሉት፤ መንገድ የጠፋው ሰው እንኳ «ከሻምበል ቤት ወደ ግራ» ተብሎ ነው የሚመራው።

ጉዱ የመጣው ከትናንት ወዲያ ነው። ሴትየዋ ልብስ ስታሰጣ የአከራይዋ ልጅ ግቢው መሃል ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማችው። «ሰው ሻምበል ስላለው ሻምበል ይሆናል እንዴ? አስጠይቄያለሁ፤ እንዲህ የሚባል ሻምበል የለም። ማዕረጉን የዋሸ ሰው መብቱን ያጣል ይላል ራሱ ሕጉ። በቃ፣ አለቀለት» ይላል። ያ ልጅ! ኩፍኝ ይዞት እናቱ ሥራ ሲውሉ፣ ባሏ በማንኪያ ሾርባ እየሰጠ ያስታመመው ልጅ! ዘወር ስትል የመኝታ ቤታቸው መጋረጃ ሲነቃነቅ አየች። ባሏ ሰምቷል ማለት ነው። እራት ቀረበ፣ ተበላ፣ ሳህኑ ታጠበ፤ ስለ ነገሩ ያነሳ የለም።

ሴትየዋን የጨነቃት ባሏ ሻምበል አለመሆኑ አልነበረም። እሱንማ ድሮ ታውቃለች። ነገሩ የተጀመረው ከአጎቱ ነው። አጎትየው እሷን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ዕለት፣ ልጄን ለማንም ተራ ሰው አልሰጥም የሚሉት አባቷ፣ «በጦሩ ውስጥ ምን ነበር ሥራው?» አሉ። አጎትየው ብርጭቋቸውን አንስተው፣ «የሻምበሉ…» አሉና ጠጡ። ሻምበል ማለት አንድም አዛዡ ነው፣ አንድም መቶ ምናምን ወታደር ያለበት ጭፍራው ራሱ ነው። የቀረችው ቃል ከመጠጡ ጋር ተዋጠች። አባቷም ያቺን «የ» ዘለሏትና፣ «ሻምበል!» ብለው ጮኹ፤ ከእሳቸው ቀድሞ ጎረቤት ሰማ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት አፉን ከፍቶ መልሶ ሲገጥም፣ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አይታለች። የጎደለችውን ቃል ያገኘቻት በኋላ፣ ትራስ ላይ ነው። የጦር አዛዥ በእንቅልፉ «ወደፊት!» ይላል ብላ ስትጠብቅ፣ አዲሱ ባሏ፣ «ሰልፍ ያዙ! ጨው ማን ጨመረበት?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለና፣ «ሁለተኛ ጭልፋ የለም፤ ለሁሉም ይድረስ» አለ። አንሶላውን ነክሳ ሳቀች። ወጥ ቤት ነው ለካ! አገባሁት እንግዲህ፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ ደግሞስ እጁ ይጣፍጣል፣ አለች። ራሱ እስኪነግራት ጠበቀች። ዛሬ ነገ ሲባል ልጅ ተወለደ፣ ልጅ ተዳረ፣ ፀጉር ሸበተ። እሷ እሱ እንዳያፍር ዝም አለች፤ እሱ እሷ እንዳታፍር ዝም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ የሻምበል ሚስት መባሉም አልከፋትም ነበር።

ሦስቱም በአውቶቡስ ሄዱ። ጎማው መንገዱን ሙሉ አላረፈም፤ ለምስክርነት ያዘጋጀውን ጀግንነት ሁሉ ከወዲሁ ይለማመዳል። «እኔ ሻምበልን የማውቃቸው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው እላለሁ፤ እንደሳቸው ያለ አዛዥ…» ሽማግሌው በመስኮት ውጭ ውጩን ያያል። እሷ የትኬቱን ዋጋ መጨመር እያነሳች ወሬ ለመቀየር ሞከረች፤ ጎማው ግን ከዚያም ተነስቶ ወደ ጦርነቱ ተመለሰ። ሽማግሌው በመጨረሻ፣ «ጎማው፣ እባክህ ዛሬ የተጠየቅኸውን ብቻ መልስ» አለው። ጎማውም፣ «ይኸው! አዛዥ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ዝም አለ።

የችሎቱ ክፍል በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነበር። በሩ እጀታው ወልቆ በሲባጎ የታሰረ ነው፤ ሲገፉት ይገጥማል፣ ሲለቁት ይከፈታል። ዳኛዋ መነጽር ያደረጉ፣ ጉንፋን የያዛቸው ሴት ናቸው፤ በአንድ እጃቸው እየጻፉ በአንድ እጃቸው መሐረባቸውን ይይዛሉ። የአከራይዋ ልጅ በአዲስ ኮት ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ወደ ሴትየዋ ላለማየት ጣሪያውን ይመረምራል። ከቀድሞ ዘማቾች ጽሕፈት ቤት የተላከ ቀጭን ሰው ደግሞ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተራውን ይጠብቃል።

ዳኛዋ ጠሩት። ሰውየው ተነሳና፣ «በእኛ ዘንድ በዚህ ስም የሚታወቅ ሻምበል የለም» አለ።

«እንዴት!» አለ ጎማው ከወንበሩ ብድግ ብሎ። ዳኛዋ በዐይናቸው አስቀመጡት።

«አንድ ሰው ግን አለ» ሲል ቀጠለ ሰውየው። «በዚሁ ስም፣ በዚሁ የአባት ስም። በዚያ ጦርነት የዘመተ። ሥራው…»

«ክብርት ዳኛ!» አለ ሽማግሌው። ቆሟል። እጁ የኮቱን ቁልፍ ይፈልጋል፣ አያገኘውም። «እሱ ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ልለምን። ባለቤቴ ትውጣልኝ።»

ዳኛዋ ችሎቱ ለሁሉም ክፍት መሆኑን፣ ማንንም በግድ ማስወጣት እንደማይችሉ ነገሩት፤ ምክንያቱንም ጠየቁት። «ሆዴ አይችልም» አለ፤ ሌላ ምክንያት አላመጣም። ዳኛዋ ወደ ሴትየዋ ዞረው፣ «እናት፣ ፈቃዱ የእርስዎ ነው» አሏት። አይ መከራ! ብትቀመጥ አፉን እንደማይከፍት ታውቃለች፤ አፉን ካልከፈተ ደግሞ ዋሽቷል ይባላል፣ ቤቱም ይሄዳል። «ተናገር አንተ ሰው፣ እኔ እንደሆን ሁሉንም አውቃለሁ» ብትል አንድ ነገር ነበር። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ለእሷ ብሎ የተሸከመውን፣ በሰው ፊት ከጀርባው ላይ ነጥቃ ልትጥልበት? አላደረገችውም። ቦርሳዋን አንስታ ተነሳች። በአጠገቡ ስታልፍ ኮቱ ትከሻ ላይ ያለች አንዲት ክር ለቀም አደረገችለትና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። በሩ በስተኋላዋ ገጠመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ሲጢጥ እያለ፣ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ።

«ምግብ አብሳይ ነበርኩ» ሲል ሰማችው።

የአከራይዋ ልጅ ሳቅ አመለጠው። «ወጥ ቤት! ሰማችሁ? ሰፈር ሙሉ ሻምበል እያለ ሲያጎነብስለት የኖረው ለወጥ ቤት ነው! ክብርት ዳኛ፣ ሕጉ የወጣው ለተዋጉት ነው እንጂ ድንች ለላጡት አይደለም። ደግሞስ ሻምበል ነኝ ብሎ ነው ያመለከተው፤ ይሄ ማታለል አይደለም?»

«እኔ ነኝ!» አለ የጎማው ድምፅ፤ ተሰባብሯል። «እሳቸው አይደሉም ያሉት፣ እኔ ነኝ። እኔ መጠሪያቸው ነው ብዬ ነው የተናገርኩት።»

«ይሁን» አሉ ዳኛዋ። አስነጠሳቸው። «አባት፣ ማዕረግዎ ካልሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ሻምበል ሲልዎት ለምን ዝም አሉ?»

ረጅም ዝምታ ሆነ። ሴትየዋ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች፤ የቤቷ ነው። አሁን ይዘጋዋል፣ ድንች ሊልጥ ይሄዳል ብላ ፈራች።

«የአንድ ሻምበል ምግብ አብሳይ ነበርኩ፣ ክብርት ዳኛ። መቶ ምናምን ሰው። ጠዋት ሾርባቸውን፣ ማታ ድንችና ሩዛቸውን እኔ ነበርኩ የምሰጣቸው። ሰልፍ አስይዤ፣ ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ። ልጆች እኮ ናቸው፤ ይርባቸዋል። ድገመን ይሉኛል። ሁለተኛ ጭልፋ የለም እላቸዋለሁ። ምን ላድርግ፣ ለሁሉም መድረስ አለበት። አንድ ቀን ወደ ፊት ሄዱ። ማታ ይመለሳሉ ተባለ። ድስቱን ጥጄ ጠበቅኋቸው፤ አልመጡም። ሲነጋ፣ ይርባቸዋል ብዬ፣ ሾርባውን በጋሪ ጭኜ ተከተልኳቸው። ደረስኩ። ያን ቀን ሁለተኛ ጭልፋ ነበር። ሦስተኛም ነበር። የሚቀበለኝ ነው ያጣሁት።»

ኮሪደሩ ላይ ሰዎች ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት የክፍል ቁጥር ጠየቀቻት፤ አልሰማቻትም።

«ስመለስ ሻምበል አሉኝ። መጀመሪያ ላርማቸው ነበር። በኋላ ግን… ሻምበል ሲሉ እኔን የጠሩኝ አይመስለኝም፤ እነዚያን ልጆች ነው የሚመስለኝ። ያ ሻምበል ከእኔ በቀር አቤት የሚልለት የለውም። ስለዚህ እኔ አቤት አልኩላቸው። ጥፋት ከሆነ ይቅርታ። ባለቤቴ ግን የለችበትም፤ እሷ ሻምበል እንዳገባች ነው የምታውቀው። ቤቱ ቢሄድ እንኳ፣ ይህን እንዳትነግሯት።»

ሴትየዋ ነጠላ እንኳ አልያዘችም፤ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች። ወጥ ቤትነቱን አውቃለሁ ብላ፣ ሁሉን ያወቀች መስሏት ኖራለች! ስለ ልጆቹ ግን ምንም አታውቅም ነበር። ስንት ጊዜ «ለሁለት ሰው ይሄ ሁሉ ድስት ምን ይባላል፣ ጥጋብ ነው» ብላዋለች። ስንት ጊዜ የተረፈውን ከፊቱ አንስታ ደፍታለች። ማን እንደሚመጣ ምን ይታወቃል ሲላት፣ እንግዳ የሚወድ ሰው ነው ብላ ነበር።

ከውስጥ የወረቀት ድምፅ ተሰማ፤ ዳኛዋ ሕጉን ያነባሉ። ደግመው አነበቡት። «ሕጉ የሚለው ‹የዘመተ› ነው» አሉ። «የተኮሰ አይልም። እኚህ ሰው ዘምተዋል። ማዕረጉም የሰፈሩ መጠሪያ እንጂ የእሳቸው ውሸት አይደለም። እሳቸውም ሆኑ ባለቤታቸው በሕይወት እስካሉ ከቤቱ አይነሱም።» ከዚያ ወይ ጉንፋኑ ነው ወይ ሌላ፣ አፍንጫቸውን ለረጅም ጊዜ ተናፈጡ።

በሩ ሳይከፈት በፊት ሴትየዋ ፊቷን ጠርጋ፣ ወደ ኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ በዚያ ባመማት ጉልበቷ ፈጠን ፈጠን ብላ ደርሳ፣ በመስኮት ትመለከት ጀመር። ቀድሞ የወጣው ጎማው ነው። ዐይኑ ቀልቷል። ጮክ ብሎ፣ «እትዬ! እንኳን ደስ አለዎት! አሸንፈናል! ሻምበል እንደ ሻምበል ተናገሩ! ስለ ውጊያው… ስለ… ኧረ ምኑ ይነገራል፣ ዳኛዋ ራሳቸው አለቀሱ!» አላት። ምስኪን፣ ምስጢሩን ከእሷ ሊደብቅ ሲለፋ ላብ አጥምቆታል። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለችው ከልቧ። ባሏ ከኋላ መጣ፤ ፊቷን በስርቆት አየ፤ ጎማው የነገራትን ማመኗን ሊያነብ ነው። «ደከመህ?» አለችው።

የአከራይዋ ልጅ ሊያልፋቸው ሲል ቆመ። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃው ፊቱ ላይ ፈርሷል፤ ንዴቱ ግን የለም። «እትዬ፣ እኔ ማዋረዴ አልነበረም… እናቴ ብትኖር…» አለና አልጨረሰውም። ሴትየዋ ክፉ ቃል አዘጋጅታለት ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ስታበስላት የከረመችውን። ምላሷ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን ሌላ ሆና ወጣች፦ «ድንች ተልጧል። ብዙ ነው። ከመጣህ ና።»

ከሰዓት በኋላ ትልቁ ድስት ግቢው ውስጥ ተጣደ። ወሬው ቀድሟቸው ነበርና ባለሱቁም መጣ፤ የጎማው ሚስትም ከነልጆቿ መጣች፤ ልብስ ሰፊዋም ሳህን ይዛ መጣች። ሽማግሌው ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጭልፋውን ይዞ ቆመ። ጎማው ፊቱ ቆሞ ሳህኑን በሁለት እጁ ዘረጋለት፤ ራሱንም ዝቅ አደረገ። የአከራይዋ ልጅ አልመጣም። ሽማግሌው ግን አንድ ሳህን ሞልቶ፣ ከላይ ክዳን ደፍቶ፣ «ይሄን ለዚያ ልጅ አድርሱለት፤ በልጅነቱ ይሄን ይወድ ነበር» አለ፤ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ላከለት። ሴትየዋ በልቧ አጉተመተመች እንጂ አልከለከለችም።

ሰው ሁሉ በልቶ ሲበተን ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሳህኗን ጨረሰች፤ ድስቱ ውስጥ ገና አለ። ሳህኑን ወደ እሱ ዘረጋችው።

«ድገመኝ» አለች። «ሁለተኛ ጭልፋ የለም ብለህ ደግሞ እንዳትጮህብኝ።»

ጭልፋው ከድስቱ በላይ ቀረ። ጠብታው አንድ በአንድ ወደ ድስቱ ይመለሳል።

«ይህን የት ሰማሽው?»

«ትራስህ ላይ።»

«መቼ?»

«ትልቋ ሳትወለድ።»

ሽማግሌው ጭልፋውን ድስቱ ላይ አስደገፈ። ለመሳቅም ለማልቀስም አልሆነለት። «የዛሬውንስ?» አለ በመጨረሻ።

«የዚያ ፍርድ ቤት በር አይዘጋም» አለች።

ድስቱ ጎን ካለው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ያየችውን ወጣት መሰለ፤ «ታዲያ ከእንግዲህ ምን ብለሽ ልትጠሪኝ ነው?»

ሴትየዋ ሳህኗን እንደ ዘረጋች ቀና አለችና፣ አጠገቧ ያለን ሰው ሳይሆን ሩቅ ያለን ብዙ ሰው እንደሚጠራ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራች።

«ሻምበል!»

«አቤት» አለ፤ ተነስቶም ሁለተኛውን ጭልፋ ጨመረላት።